የድንች ዳኛው

አያ ፈንታሁን ማረፉን የነገረችኝ ከእስቴ ለንግሥ የመጣች ሴት ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠን ስለ ዘንድሮው ዝናብ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ስታወራኝ ቆየችና፣ «ያ ሽማግሌ እኮ፣ ድንች እየቆረጠ ይቀምስ የነበረው፣ ባለፈው ሳምንት ተቀበረ» አለችኝ። እንደ ተራ ወሬ ነው ያወራችው። ለእሷ ከመንደር ዳር ብቻውን የሚኖር፣ ድንች በሰጡት ቁጥር ቆርጦ የሚያሸት አንድ ሽማግሌ ነው። እኔ ግን የያዝኩትን ዳቦ አስቀመጥኩ።

«ቀብሩ ላይ ሰው ነበረ?» አልኳት።

«ኧረ ብዙም አልነበረ። ከሰው አይገጥምም ነበር እኮ» አለችና ወደ ጉልበቷ ሕመም ተመለሰች።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ወሬዬ ወዲያና ወዲህ ቢል ታገሡኝ፤ እግሬም እንዲሁ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን መንግሥት በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ገበያ የሚወጣውን አትክልት የሚመረምር ሰው ይቀጥር ነበር። ጎመኑ፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ከቆላ የሚመጣው ሎሚና ትርንጎ ሁሉ እሱ ሳያየው አይሸጥም። የካቲት ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፤ ሰውዬው ወደ እስቴ ተመልሶ የአባቱን መሬት ያርሳል። አያ ፈንታሁን እንዲህ ያለ ሹመት ነበረው፤ ከዓመቱ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ሹመት። ዓርብ ቀን አርብ ገበያ በምትባለው መንደር ይውላል፤ በሌላው ቀን ንፋስ መውጫ ይወጣል፤ ሲለው ስማዳ ተሻግሮ ወገዳ ይደርሳል። በእግሩ ነው። እኔም ያን ጊዜ ባሌን ፈትቼ የወጣሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ጎንጉኜ ከገበያ ገበያ የምዞር ልጅ እግር ሴት ነበርኩ። ስለዚህ እሱ ካለበት አልጠፋም፤ መንገድም አብረን እንሄዳለን። እሱ ፊት ፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ብዙ አያወራም፣ እኔ አወራለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከገበያው መግቢያ፣ ከወይራው ሥር፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ባለ ድንቹ ስልቻውን አምጥቶ አፉን ይፈታለታል። ሰው መቼም ደህና ደህናውን ከላይ አድርጎ ነው የሚመጣው። አያ ፈንታሁን የላዩን ዞር ብሎ አያየውም። የካኪ ኮቱን እጅጌ ሰብስቦ እጁን እስከ ክንዱ ይሰድና ከስልቻው ሥር ሦስት ድንች ያወጣል።

«የላዩን እናንተ አሳይታችሁኛል፤ የታችኛው ደግሞ ራሱ ይናገር» ይላል።

ከዚያ በሰንጢው ለሁለት ይከፍለዋል። ያሸተዋል። የተቆረጠውን በኩል ምላሱ ጫፍ ላይ ያስነካና ወደ ግራው እንትፍ ይላል። መራራ ከሆነ ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ደህና ከሆነ ሁለቱን ግማሽ መልሶ ይገጥምና፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚያቀብል፣ በሁለት እጁ ለባለቤቱ ይመልስለታል። ይኸን ሲያደርግ ገበያተኛው ይስቅበት ነበር። «የድንች ዳኛ» ያሉትም በዚህ ነው። የቀኝ አውራ ጣቱ በድንች ጭማቂ ጠቁሮ እንደ ከሰል ሆኖ ነበር።

ከማንም ምንም አይቀበልም። ምሳው በቅል የያዘው በሶ ነው። አንድ ቀን አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ብሰጠው፣ «ነገ ሽንኩርትሽ ቢበሰብስ በምን አፌ ድፊው እልሻለሁ?» ብሎ መለሰልኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ድምፃቸው ደወል የመሰለ አንድ ቄስ በአህያ ድንች አስጭነው መጡ። ሰንጢው ሲወጣ አዩና፣ «የቄስ ድንችም ይቆረጣል እንዴ?» አሉ።

መስቀላቸውን ተሳለመና፣ «እኔን ይፍቱኝ አባቴ። ድንቹ ግን ገና ክህነት አልተቀበለም» አላቸው።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ቄሱም ሳቁ። ድንቹ ግን ተደፋ።

ትልቁ ጠቡ ከፀሐይ ጋር ነበር። የእኛ ሰው በገብስና በስንዴ፣ በባቄላና በአተር ያደገ ነው። እህል ጎተራ ከመግባቱ በፊት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ አለዚያ ነቀዝ ይጨርሰዋል። ድንቹንም እንደ ገብሱ አውድማ ላይ አስጥቶ፣ እያገላበጠ፣ አረንጓዴ እስኪሆን ፀሐይ አስመትቶ ያስቀምጠዋል። የሚያሳዝነው ይኸን የሚያደርገው ጠንቃቃው ነው። ሰነፉማ ከጓዳ ጥግ ጥሎት ይረሳዋል፤ የሰነፉ ድንች ደህና ይሆናል።

«ፀሐይ እኮ የእግዜር ናት!» ብለው ጮሁበት አንድ ሽማግሌ። «የእግዜር ፀሐይ ያየው እህል መርዝ ሆነ ስትል ትንሽ አታፍርም?»

«ገብስዎን ያስጡ አባቴ፣ ማን ከለከለዎ። ይኸ ግን አፈር ውስጥ ያደገ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ይመርራል፤ ቢቀቅሉትም መርዙ አይለቅም።»

«ይኸን ደግሞ የት ተማርከው?»

«አስተማሪዬ ሆዴ ነው። ልጅ ሳለሁ በልቼው ሦስት ቀን አስታውኮኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ይትከሉት። ለዘር ከዚህ የተሻለ የለም። ከአፍዎ ግን አይድረስ።»

ደህና ዓመት ሲሆን እንዲህ ነበር የሚያደርገው። የበሰበሰውን ጉድጓድ ያስደፋል፤ አረንጓዴውን ለዘር ብሎ ይመልሳል።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ክረምቱ ቶሎ ወጣ። ጥቅምት ላይ ውርጭ ወርዶ የገብሱን እሸት እሳት እንደነካው አደረገው። ባቄላውም ፍሬ አልያዘም። አንዳንዱ ጓሮ ውስጥ የተረፈው ድንች ብቻ ነው። ገበያው ጸጥ አለ፤ ሰው ለመሸጥ ሳይሆን ሰው ለማየት የመጣ ይመስል ቁጭ ብሎ ይውላል። ያን ጊዜ ከበላይ ትእዛዝ መጣ፦ አረንጓዴ ድንች ለባለቤቱ አይመለስ፣ ከገበያው ዳር ጉድጓድ ይደፋ፣ ማንም አውጥቶ እንዳይበላው ላምባ ይፍሰስበት።

«ትእዛዙ ልክ ነው» አለኝ መንገድ ላይ። «የራበውን ሰው ለዘር ውሰደው ብለው ምን ይሆናል? ይበላዋል።»

ላምባውንም ከጣሳ የሚያፈሰው ራሱ ነበር። የሳቀበት ገበያ አሁን ይረግመው ጀመር። «እህል ላይ ላምባ የሚያፈስ! እጅህን ይቁረጠው!» ይሉታል ሴቶቹ። ምሳ ሲደርስ እጁን በአመድ ያሻል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ያሻል። አሽትቶት ላምባ ላምባ ካለው በሶውን ሳይቀምስ ቅሉን ይከድነዋል።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ በአርብ ገበያ፣ ይታይሽ መጣች። ከቆላው አፋፍ ላይ የምትኖር ናት። ባሏ በመስከረም በንዳድ ሞቶባታል፤ ሦስት ልጆች አሏት። አህያዋን ሸጣ ስለበላች ስልቻውን በጀርባዋ ተሸክማ ነው የወጣችው። አያ ፈንታሁን እጁን ሰደደ፣ አወጣ፣ ቆረጠ። እስከ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ምላሱ ላይ አስነካ። ራሱን ነቀነቀ።

አላለቀሰችም። የስልቻውን አፍ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ጌታዬ፣ ከዚህ ሌላ የለኝም። ላምባውን እኔው ላይ ያፍስሱት» አለችው።

ጣሳውን አንሥቶ ቆመ። እኔ ሽንኩርቴን ጥዬ ተነሣሁ። እጁን ይዤ ከወይራው ጀርባ ወሰድኩት፤ እሷ አትሰማንም፣ ማንም አይሰማንም።

«አያ ፈንታሁን፣ በእናትህ ተው። ለዘር ትውሰደው። የበልጉ ዝናብ ጠብ ጠብ እያለ ነው።»

«ትእዛዙን ታውቂያለሽ እናኑ።»

«ለዘር ከዚህ የተሻለ የለም የምትለው አንተ አይደለህ? ለሷ ሲሆን ከፋ?»

«ትበላዋለች።»

«አትበላም! ሴትዮዋን አላየሃትም?»

ጣሳውን ከእጁ አልለቀቀም። ያን ጊዜ፣ ምነው ምላሴ ተቆርጦ በቀረ፣ «ልጅ ስለሌለህ ነው እንዲህ የምትጨክነው» አልኩት።

ሚስቱ በወሊድ ከነልጇ እንደሞተችበት አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ይታይሽ ሄደ። ከልጆቿ አንዱም እንዳይቀምሰው፣ ሁሉንም እንድትተክለው በታቦቱ አስማላት። ማለች። ዛሬም እመሰክራለሁ፣ ስትምል እውነቷን ነበር።

«ሰኞ መጥቼ የተከልሽበትን አያለሁ» አላት።

«ይምጡ ጌታዬ፣ ያያሉ» ብላ ጉልበቱን ስማ፣ ስልቻዋን አዝላ ወረደች።

ሰኞ አብሬው ሄድኩ። ቆላ የሚወስድ ሽንኩርት ነበረኝ፤ ደግሞም ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ከአፋፉ ላይ ሆነን ማሳዋ ታየን። ተቆፍሯል። ቀጥ ያለ፣ ያማረ መስመር ነው። አያ ፈንታሁን ያን ዓመት ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አየሽ፣ ተክላለች» አለኝ።

ስንደርስ ጉድጓዶቹ ባዶ ነበሩ። ከዳር እስከ ዳር ተቆፍረው፣ አንዱም አልተደፈነም። ከቤቱ ደጅ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

የነገረችን ጎረቤቷ ናት። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስትቆፍር ዋለች። እሑድን ጠብቃ ሰኞ ጧት ልትተክል ነበር። ልጆቹ ድንቹን አይተዋል፤ ሲመሽ አለቀሱ። ጥቂት ብቻ ብላ ቀቀለች። ጥቂቱ አልበቃም። ጨመረች። እሷ ራሷ አልቀመሰችም፤ ሁሉንም ለእነሱ ነው የሰጠችው፤ የተረፈችውም በዚህ ነው። ሁለቱ ትናንሾቹ እያስታወኩ፣ እየቃዡ፣ በማግሥቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞቱ። ትልቋ ልጅ እንደ ጨርቅ ተጣጥፋ ተኝታለች፤ ነፍሷ ግን አልወጣችም።

አያ ፈንታሁን ከአንዱ ጉድጓድ አጠገብ በርከክ አለ። እንደ ስልቻው ሁሉ እጁን ወደ ታች ሰደደ። አፈር ይዞ ወጣ።

ይታይሽ ከደጅ አየችው። አልጮኸችም። «እያወቅህ ሰጠኸኝ» አለችው። አንቱታው ቀረ።

ወሬው ሹሞቹ ዘንድ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓርብ ከገበያው ዳር ችሎት ተቀመጠ። ዳኛው ወፍራም፣ ጉንፋን የያዛቸው ሰው ነበሩ። ጣሳውን አስመጡ።

«ባዶ ነበር?»

«ሙሉ ነበር ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን አላፈሰስክበትም? ማን ለመነህ?»

እኔ አሥር እርምጃ ርቄ ሽንኩርቴን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ወደ እኔ አላየም። እንዳያየኝ አንገቱን ሲያጠነክር ግን አየሁት።

«ማንም አልለመነኝም። ሰነፍኩ።»

«ሁለት ነፍስ ጠፍቶ ሰነፍኩ ይባላል?»

«አዎ ጌታዬ። ሰነፍኩ።»

ይኼኔ አንድ ሰውዬ ሽንኩርቴን ነካ ነካ አድርጎ፣ «እህቴ፣ የዘንድሮ ነው?» አለኝ።

«የዘንድሮ ነው» አልኩት።

ያን ቀን አፌ የተከፈተው ለዚህ ብቻ ነው። ዞር ስል አያ ፈንታሁን እጁ ታስሮ እየተወሰደ ነበር።

ሁለት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ሹመቱ ቀረ፤ እስቴ ገብቶ እርሻውን ያዘ። እኔ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደምንም ደፍሬ ሄድኩ። ከጓሮው ድንች ሲያወጣ አገኘሁት። እግሩ ሥር ወድቄ፣ «ያን ቀን እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ልለው ብዬ መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሳጠና ነው የሄድኩት። ገና ስጀምር አቋረጠኝ።

«አንቺ ለመንሽ። ጣሳው በማን እጅ ነበር?»

«እንዲያ አትበል።»

«ተቀመጪ» አለኝ። አፈሩን ከድንቹ እያራገፈ ቀጠለ። «የእኔ ጥፋት ላምባውን መተዌ አይደለም። የራባትን ሴት የሚተከል አሸክሜ፣ የሚበላ ሳልሰጥ ላክኋት። በሶዬ በቅሉ ሙሉ ነበር እኮ። ቅሉ ከጎኔ ነበር፣ እናኑ።»

ያን ቅል እስቴ ቤቱ ውስጥ አንድም ቀን አላየሁትም።

ልሄድ ስነሣ ሁለት አቁማዳ አወጣልኝ። አንዱ በጥቁር ክር፣ አንዱ በነጭ ክር ታስሯል። «በጥቁር የታሰረው የሚተከል ነው፤ በነጭ የታሰረው የሚበላ። ለይታይሽ አድርሽልኝ። ከእኔ ነው እንዳትያት፤ አትበላውም» አለኝ።

አደረስኩ። በዓመቱም አደረስኩ። ንጉሡ ወረዱ፣ ዘመኑ ተለወጠ፣ እኔም አገባሁ ወለድኩ፤ በየበልጉ ግን እስቴ ሄጄ ሁለቱን አቁማዳ እቀበልና በአህያ ወደ ቆላው አፋፍ እወርዳለሁ። እሱ ስመጣ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «በቀለላት?»

«በቀለላት» እለዋለሁ። ሌላ አንናገርም።

ይታይሽ ያ ሁሉ ከእኔ ይመስላታል። ምን ብዬ ልንገራት? ከእሱ ነው እንዳልላት አፌን ይዞብኛል፤ ከእኔ አይደለም ማለት ግን እችል ነበር። አላልኩም። ስትመርቀኝ አሜን እላለሁ። «አንቺን የሰጠችኝ ማርያም ናት» ትለኛለች። ስሄድ ዕቃዬን ተሸክማ እስከ ወንዙ ትሸኘኛለች፤ እንዲህ ያለ ሽኝት ለእናቷም አታደርግም። ወንዙ ዳር ስንሳሳም ደግሞ ሁልጊዜ፣ «ያን የድንች ዳኛ ግን መሬት አይቀበለው» ትላለች። እዚያ ላይ አሜን አልልም። ዝም እላለሁ። ዝምታዬን ደግነት ትለዋለች።

ኋላ አያ ፈንታሁን አረጀ፣ እኔም አረጀሁ፤ አቁማዳው ቀረ። እንግዲህ የንግሡ ዕለት ሞቱን ስሰማ፣ መሬት እንደተቀበለው ስሰማ፣ ቤቴ አልገባሁም። ከልጄ ዘንድ አድሬ፣ በትሬን ይዤ ወደ ቆላው ወረድኩ። በደህናው እግሬ አንድ ቀን የምሄደውን ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ይታይሽ ደጅ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ያቺ የተረፈችው ልጇ አያት ሆናለች። ስማኝ አስቀመጠችኝ።

«ይታይሽ፣ የድንች ዳኛው ሞተ» አልኳት።

«እስካሁን ነበረ እንዴ?» አለች፤ ከምስሩ ቀና አላለችም።

ነገርኳት። የአቁማዳውን ነገርኳት፤ ጥቁሩን ክር፣ ነጩን ክር። ከወይራው ጀርባ የሆነውን ነገርኳት፤ ልጅ ስለሌለህ ነው ያልኩትን እንኳ አላስቀረሁም። ችሎቱ ላይ ሽንኩርት ስሸጥ መቆሜን ነገርኳት። ስናገር እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።



«ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት» አለች፣ «ጉድጓዱ ውስጥ ከተደፋው፣ ላምባ ከፈሰሰበት፣ ሰው ሳያየኝ ጥቂት አውጥቼ ነበር። ሰባት ውኃ አጥቤ ቀቀልኩላቸው። ትንሹ አፍንጫውን ይዞ ‹እማ፣ ይሸታል› አለኝ። አንዳቸውም አልቀመሱት። እያለቀሱ ተኙ። ጧት ግን ተነሡ።»

ምስሯን ማየት ጀመረች።

«አንቺ ከላምባ ያስጣልሽው ግን አልሸተተም» አለች።

  ሰፌዱን ከጭኗ አወረደችና ወደ እስቴ በኩል ዞራ፣ «ነፍሱን ይማር» አለች።

ለእሱ ነው። ለእኔ ምንም አላለችኝም።

ተነሣሁ፣ በትሬን ያዝኩ፣ ዕቃዬን ራሴ ተሸከምኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ ዞር ብዬ አየሁ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።